ሦስተኛው ፎጣ

አክስቴ ሲርካ በየዓመቱ ለገና ከባሏ ጋር ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ የቤቷን ቁልፍና አንድ ወረቀት ትሰጠኛለች። ወረቀቱ ላይ ስምንት ትእዛዝ አለ። በረዶውን ከደጃፍ ዛቂ፣ ቤቱ ሰው እንደሌለው ሌባ እንዳያውቅ። ለወፎቹ ፍሬ አድርጊ። ቧንቧው እንዳይፈነዳ ማሞቂያውን አትዝጊ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርድና ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀደው ትንሽ ይቀረዋል፦ «ሳውናው እንዳይነድ።» ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሳውና የምንለው፣ በእንጨት እሳት በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ እየፈሰሰ በእንፋሎት የሚታጠቡበትን የግቢ ጎጆ ነው።

እኔ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነኝ። ትምህርቴን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ትቼ፣ ሙያውን ከአንድ ሽማግሌ ጠራጊ ጋር ጣራ ለጣራ እየዞርኩ ለቀምኩት። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ እጄ ያልገባበት ምድጃ የለም፤ የማንን ቤት ምን እንደሚያፍነው ከቄሱ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ። እሳት አታንድጂ ብሎ የሚያዘኝ ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን እዚያው ምድጃው ውስጥ አስገባለት ነበር። ሲርካ ግን የአባቴ እህት ናት። ለምን እንደምትከለክለኝም ከእሷ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ።

የመንደሩ ሰው ምክንያቱ አይገባውም። ባልና ሚስቱ ብር የተረፋቸው ሙቀት ወዳዶች ይመስሉታል። የመጀመሪያው ዓመት ካናሪ ደሴቶች ሄዱ። ቀጥሎ ግብፅ፣ ከዚያ ታይላንድ፣ ከዚያ ስሪ ላንካ፣ ከዚያ ዛንዚባር፣ ከዚያም ሌላ ሌላ፤ በየዓመቱ ትንሽ ወደ ፀሐይ ጠጋ። ሱቅ ውስጥ ሴቶቹ፣ ዘንድሮስ እነሲርካ ሲጋገሩ የሚከርሙት የት ነው እያሉ ይሳሳቃሉ። ኤስኮ፣ ባሏ፣ ፎቶ ይልክልኛል። በሁሉም ፎቶ ላይ ከጀርባ ሰማያዊ ባሕርና ዘንባባ አለ፣ ከፊት ሲርካ አለች፣ እግሯ ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አለ። አንድ ጊዜ ታይላንድ ውስጥ ሆቴሉ ሦስት ብርድ ልብስ አምጥቶላት አራተኛ ስትጠይቅ፣ አስተናጋጇ ግንባሯን በእጇ ዳስሳ ሐኪም ጠራችላት። ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም። ለገና ለገና ብቻ ነው እንዲህ የሚበርዳት። እዚህ አገራችን፣ ጥር ላይ፣ ራቁት እጇን በረዶ ውስጥ ከታ እንጨት ስታወጣ ያየኋት ሴት ናት።

የሆነው እንዲህ ነው።

የገና ዋዜማ ቀትር ላይ ቱርኩ ከሚባለው ከተማ የገና ሰላም በቴሌቪዥን ይታወጃል፤ ከዚያ ሳውናው ይነዳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እኛ ጋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማለት ነው፣ በሕይወት ያለን ሰዎች ታጥበን እንወጣለን። የመጨረሻው ሰው ድንጋዮቹ ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ ያፈሳል፤ መደቡ ላይ ንጹሕ ውሃ በባልዲና ገላ የሚቸበቸብበት አንድ እስር የበርች ዛፍ ቅጠል ትቶ በሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሳውናው የሙታን ነው። እስኪነጋ የሚከፍት የለም። ይህን የማያምን ሰው ሞልቷል፤ እንዲህ ሳያደርግ የሚወጣ ግን አላየሁም።

ያን ዓመት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ገናን እነሲርካ ቤት ነበርን። አንሲ፣ አንድ ልጃቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከሐይቁ ማዶ ጓደኛው ዘንድ ሄዶ ቀርቷል። አንሲ ሁሉ ነገር ላይ ይዘገያል፤ ሳውና ውስጥ ብቻ ነው የሚቸኩለው። ሌላው ሰው አንድ ጭልፋ አፍስሶ እንፋሎቱ እስኪደርስበት ይጠብቃል፤ እሱ ሦስት ጭልፋ በላይ በላዩ ይለቅና ሁላችንም ጆሯችንን ይዘን ወደ ታችኛው መደብ እንወርዳለን። «ይሄን ልጅ ስወልደው ቆዳውን ረሳሁት» ትል ነበር እናቱ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ከሲርካና ከእኔ በቀር ሁሉም ታጥቦ ቤት ገብቷል። እኛም ጨርሰን ለባብሰናል። ሲርካ ደወለችለት፤ አያነሳም። በሩ ላይ ቆማ ሐይቁን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ባልዲውን ምድጃው ላይ ድፊው አለችኝ። አፌ ያኔም አያርፍም፣ ለሙታኑስ አልኳት።

«ሙታኑ ይረዱኛል፤ እነሱም ልጅ አሳድገዋል» አለች። «የዘገየ በቀዝቃዛ ይታጠብ።»

ደፋሁት። ሙሉ ባልዲ። ከድንጋዮቹ ሁለቱ ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ክፍሉ በአመድ ጭቃ ሽታ ታጠነ። ሲርካ የመስኮቱን መብራት አጠፋችና ወጣን።

በዚያ ሐይቅ ላይ የመሸበት ሰው መንገዱን የሚያገኘው በዚያ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ወደ ግራ የወንዙ አፍ አለ፤ እዚያ የሐይቁ ግግር በረዶ ክረምቱን ሙሉ አይጠነክርም። አንሲ ግግሩን አቋርጦ በበረዶ ሞተሩ መጣ። መስኮቱ ጨልሟል። ወደ ግራ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ከግግሩ ሥር አወጡት። ይህንን ያንን ባታደርጊ ኖሮ ብሎ ለሲርካ የተናገራት ሰው የለም፤ መናገር አላስፈለገም። ለእኔም የተናገረኝ የለም። እንዲያውም ያን ባልዲ ማን እንደደፋው ከሁለታችንና ከኤስኮ በቀር የሚያውቅ የለም። በቀጣዩ ገና ሳውናው አልነደደም፤ ባልና ሚስቱ ካናሪ ነበሩ።

አሁን ፎጣዎቹ። የሳውናው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሦስት ኩላብ አለ፤ በሦስቱ ላይ ሦስት የተልባ እግር ፎጣ፣ በየጠርዙ የሲርካ፣ የኤስኮና የአንሲ ስም መነሻ ፊደል የተጠለፈበት። ሲርካ ከዚያ ገና ወዲህ ያን ክፍል ረግጣው ስለማታውቅ የአንሲ ፎጣ ከተሰቀለበት የሚያነሳው አልነበረም። ቁልፉ ለእኔ መሰጠት በጀመረበት ዓመት፣ ገና ላይ ቧንቧው አለመፈንዳቱን ለማየት ስገባ፣ ፎጣዎቹ ሁለት ናቸው። ጥር ላይ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ሦስት። በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ።

ኤስኮ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እሱን ለማናገር እጁ ሥራ ላይ ሲሆን መጠጋት ያስፈልጋል። አንድ ግንቦት ጀልባውን ሬንጅ ሲቀባ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ስለ ፎጣው ጠየቅሁት። ብሩሹን ሳያቆም መለሰልኝ። ልጁን በገና ለብቻው ትቶት መሄድ ስላቃተው ፎጣውን ሻንጣው ሥር ደብቆ ይዞት ይሄዳል። ሲርካ አታውቅም። ደረቅ አድርጎ አጥፎ ነው የሚያስገባው። የገና ዕለት ጠዋት ሻንጣውን ሲከፍት ግን፣ የትም አገር ይሁን፣ ፎጣው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ጣት ያደነዝዛል። ሚስቱ ሳትነቃ በረንዳ ላይ ያሰጣዋል። በዚያ ፀሐይ እንኳ ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

ሻምፖ ፈስሶበት ይሆናል አልኩት።

«የእኛን ሐይቅ የሚሸት ሻምፖ ካገኘሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ብሩሹን መልሶ ሬንጁ ውስጥ ነከረ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገናው የነሱን ደጃፍ በረዶ ስዝቅ፣ ያ የቀዘቀዘ ሳውና ጀርባዬን የሚያየኝ ይመስለኝ ጀመር። ልጁ ዘግይቶ መጥቷል፤ ሳውናው ቀዝቃዛ ሆኖ ጠብቆታል፤ ታዲያ ወዴት ይሂድ? እናቱን ተከትሎ ሄደ። የትም ብትደርስ ይደርስባታል፣ እንደ ልማዱ ትንሽ ዘግይቶ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሲርካ ቤቱ መሸጡን ነገረችን። ገዢዎቹ የሄልሲንኪ ባልና ሚስት ናቸው፤ ለፋሲካ ይረከባሉ። አሮጌውን ሳውና አፍርሰው ባለ መስታወት ግድግዳ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሊያቆሙ ነው። እነሲርካ ስፔን ባሕር ዳር ቤት ተከራይተዋል፤ በረዶ የሚባል ነገር ዳግመኛ ላያዩ። ከዚያ በፊት ግን የመጨረሻው የገና ጉዞ አለ፣ ሞሪሸስ። እኔ በልቤ ቆጠርኩ፤ ያ ምድጃ የቀረው አንድ ገና ብቻ ነው። አንድ ገና፣ ከዚያ በኋላ አንሲ የሚመለስበት በር የለውም።

ስፔንም ይበርድሻል አልኳት።

«አንቺ ጥቀርሻ፣ ጣራሽን ጥረጊ» አለችኝ። ጥቀርሻ የምትለኝ ስትወደኝም ስትጠላኝም ነው።

የሚሄዱበት ቀን ኤስኮ ሻንጣ ሲጭን፣ ሲርካ ወረቀቷን ስትሰጠኝ፣ እሱ ድንገት ቀና አለና ገዢዎቹ የጭስ ማውጫዎቹ ደህና መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት እንደሚፈልጉ ነገረኝ። የቤቱንም፣ የሳውናውንም። ሲርካ አንገቷ ደረቀ። ታየዋለች፣ ማንደድ ግን አያስፈልግም አለችው።

ኤስኮ የመኪናውን ኋላ ዘጋ። ከዚያ እሷን ሳይሆን እኔን ጠየቀ።

«እሳት ሳይነድ፣ ማውጫው ጭስ መሳቡ በምን ይታወቃል?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ያልጠየቀኝ ሰው ነው። «በምንም አይታወቅም» አልኩ። ሲርካ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን በላይዋ ላይ ዘጋች። እሺ አላለችም። ወረቀቱን ግን ከእጄ አልነጠቀችኝም።

ከሄዱ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። ፎጣዎቹ ሦስት ናቸው። ወጥ ቤት ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ፣ ከእንጆሪው ሥር፣ በሰኔ የታሰረ አንድ እስር የበርች ቅጠል አለ፤ ቋጠሮው የኤስኮ ነው።

የገና ዋዜማ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ዲግሪ ነበር። ቀትር ላይ መቃብር ሄጄ እንደ ሁሉም ሰው ሻማ አበራሁ፤ ለአያቶቼ አንድ፣ ለአንሲ አንድ። ተመልሼ ሳውናውን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ዓመት የተዘጋ ምድጃ አፉን ቶሎ አይከፍትም። የተሰነጠቁት ሁለት ድንጋዮች እንዳሉ ናቸው፤ የለወጣቸው የለም። እንጨቱን ደርድሬ ለኮስኩ፤ ጭሱን መልሶ ፊቴ ላይ ተፋው። ቀዝቃዛ አየር ማውጫው ውስጥ ተኝቷል። የጥቀርሻ መጥረጊያዋን ትንሽ በር ከፍቼ ጋዜጣ አነደድኩበት፤ አሁንም ተፋኝ። እንባዬ ወረደ፣ ከጭሱ ነው። በሦስተኛው ጋዜጣ ማውጫው አንድ ጊዜ አጉረመረመና ሳበው።

ለብቻዬ ታጠብኩ። አንድ ጭልፋ አፈሰስኩ፣ ጠበቅሁ፣ አንድ ደገምኩ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ለማንም ወጥቶ አያውቅም። «ነድዷል» አልኩ ብቻ፣ ባዶውን የላይኛውን መደብ እያየሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻውን አንድ ጭልፋ አፈሰስኩ፣ ንጹሕ ውሃና ቅጠሉን መደቡ ላይ አኖርኩ፣ ምድጃው ላይ ሁለት ወፍራም እንጨት ጨመርኩ፣ የመስኮቱን መብራት አብርቼ ወጣሁ።

ወጥ ቤት ገብቼ የገናውን የአሳማ ጭን እየቆረስኩ ሳለ ስልኬ አብሮኝ እንደሌለ ታወቀኝ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ አግዳሚው ላይ ትቼዋለሁ። ቦት ጫማዬን አንድ እግር አጠለቅሁ። ከዚያ መልሼ አወለቅሁት። ሞኝ አይደለሁም፣ በየጣራው ለብቻዬ የምወጣ ሰው ነኝ፣ በር መክፈት አይከብደኝም። ግን ያን ቀን ያን በር መክፈት የእኔ ተራ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። በዚያ ብርድ ድምፅ እንደ ጠጠር ነው፤ ግቢውን አቋርጦ ወጥ ቤት ድረስ ጥርት ብሎ መጣ። አራት ጊዜ ጠራ። አምስተኛው መሃል ላይ ተቆረጠ።

ባትሪው ነው አልኩ። ወይ ደዋዩ ዘግቶት ነው። እንፋሎት የስልኩን መስታወት ነክቶት ይሆናል እንዳልል፣ ያ ክፍል እንፋሎት አይደርስበትም። በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁ። የሳውናው መስኮት እንዳበራሁት በርቷል። መስታወቱ ስወጣ ጠርቶ ነበር። እያየሁት ከሥር ጀምሮ ነጭ እንፋሎት ለበሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ለበሰ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። መልሼም አነሳሁት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዘጠኝ ደቂቃ ቆይቶ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ያ አሮጌ ባለ ሽቦ ስልክ ነው፤ አንሲ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ስለሆነ ሲርካ አላስቆረጠችውም። ሲርካ ነበረች። ከጀርባዋ ባሕር ይሰማል።

«አንስተሽ ዝም የምትይኝ ንቀት ነው?» አለች፣ ሰላም ሳትል። «ይሄን ሁሉ ደቂቃ ስትታጠቢ አዳመጥኩሽ። ስምንተኛው ላይ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?»

«እንዳይነድ።»

«ታዲያ?»

«አነደድኩት። ያኔ የደፋሁትም እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

ስድብ ስጠብቅ ድምፅዋ ወረደ።

«ደህና። ግን እንደዚያ አይለቀቅም፣ ሦስቱንም ጭልፋ በአንዴ። ጆሮሽን ይጠብ…» ብላ ጀመረችና ቃሉ አፏ ላይ ቆመ።

«ኔላ። አሁን የት ነሽ?»

«ወጥ ቤት። የቤቱ ላይ እኮ ነው የደወልሽው።»

«ስልክሽስ?»

«ሳውናው ውስጥ ረስቼው ነው የወጣሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ባሕሩ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ኤስኮ ከወዲያ ምን ሆንሽ ሲላት ሰማሁ።

«አንቺ ስንት ጭልፋ ነው የምታፈሺው?» አለችኝ።

ሦስት ብላት፣ ይህን ነገር እዚያው እቀብረው ነበር። ተናድዳብኝ፣ ዘግታ፣ ካልሲዋን ለብሳ ትተኛ ነበር። ጸጥታዋን ስሰማ ግን መልሱን እንደምታውቀው ገባኝ፤ የምትፈልገው ከሰው አፍ መስማት ነው።

«አንድ» አልኳት። «ሁልጊዜም አንድ ነው።»

ያለቀሰች አይመስለኝም፤ ሲርካ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም፣ ድምፁን አላውቀውም።

«እሳቱ አለ?»

«ፍሙ አለ። ከፈለግሽ…»

«እንዳትነኪው» አለች። «ተይው። በራሱ ይጥፋ። መብራቱንም ተይው።» ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ ሆቴሉን እንደምትከስ ሰው ቅር ብሏት፣ «እዚህ ደግሞ ምን ሙቀት ነው» አለች።

መስኮቱ ሥር ወንበር ስቤ ጭሱ እስኪቀጥን ተቀመጥኩ። ሲነጋ ሄጄ ከፈትኩ። ስልኬ አግዳሚው ላይ፣ በተውኩበት ቦታ ነው፤ የገባው ጥሪ ተነስቶ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቷል ይላል። ባልዲው ባዶ ነው። ቅጠሉ ረግፎ የላይኛው መደብ ላይ ተበትኗል። የአንሲ ፎጣ ከኩላቡ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። በእጄ ያዝኩት። ለብ ያለ ነበር።

ለገዢዎቹ ወረቀቱን ፈረምኩላቸው፤ ማውጫው ደህና ይስባል ብዬ። ቤቱ ለፋሲካ ተላለፈ፤ ሳውናውም ፈረሰ። ሁለቱን የተሰነጠቁ ድንጋዮች ወሰድኳቸው፤ ሌላው ግድ አልሰጠኝም።

እነሲርካ ከሞሪሸስ የተመለሱት ከዚያ በፊት፣ ጥር ውስጥ ነው። ኤስኮ ፊቱ ተልጧል። ሲርካ መኪናው አጠገብ ቆማ፣ በረዶ ላይ፣ ሻንጣዋን ከፍታ የሱፍ ካልሲውን አወጣችና ደረቴ ላይ ወረወረችልኝ።

«እንኪ፣ ጥቀርሻ» አለች። «ጣራ ላይ ይበርድሻል።»